«ሌላ ቦታ ልይና እመለሳለሁ»፦ በድርድር ምልልስ ውስጥ የእያንዳንዱን ንግግር ሚና ስለ መለየት

ሽሮ ሜዳ ጋቢ ለመግዛት የሄደ ሰው ከነጋዴው ጋር በዋጋ ሲከራከር ቆይቶ «ሌላ ቦታ ልይና እመለሳለሁ» ቢል፣ ነጋዴው ይህን ደንበኛው ስለሚሄድበት ቦታ የተሰጠ መረጃ አድርጎ አይወስደውም። የሚሰማው «በዚህ ዋጋ አልወስደውም፤ ካልቀነስክ መሄዴ ነው» የሚል ግፊት ነው፤ ብዙ ጊዜም ምላሹ «ና እስቲ፣ ስንት ልትከፍል ነው?» የሚል ይሆናል። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ዋጋ አልተጠቀሰም፣ ቅናሽም አልተጠየቀም። ሆኖም በድርድሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ «ቀንስልኝ» ከሚለው ግልጽ ልመና ሊበልጥ ይችላል።

በድርድር ውስጥ የተነገረ እያንዳንዱ ንግግር ምን ሥራ እንደ ሠራ ለይቶ መለያ መስጠት፣ ማለትም ይህኛው ጥያቄ ነው፣ ያኛው የዋጋ ሐሳብ ነው፣ ይህ ደግሞ እምቢታ ነው እያሉ መመዝገብ፣ የቋንቋ ጥናትና የኮምፒውተር ሳይንስ በጋራ የሚሠሩበት መስክ ነው። ሥራው የሚያስፈልገው በዋናነት በሁለት ምክንያት ነው። ከሰው ጋር የሚደራደር ወይም ሰውን በድርድር የሚያግዝ ፕሮግራም ለመሥራት ከተፈለገ፣ ፕሮግራሙ የቀረበለትን ንግግር በቃላቱ ብቻ ሳይሆን በተግባሩም መረዳት ይኖርበታል። በሌላ በኩል ድርድሮች ለምን እንደሚሳኩና ለምን እንደሚፈርሱ የሚያጠና ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊቆጥረው የሚችል ነገር ያስፈልገዋል፤ ስንት ጊዜ ሐሳብ እንደ ቀረበ፣ ማን ቀድሞ እንደ ቀነሰ፣ ምክንያት ያልተሰጠው እምቢታ ምን እንዳስከተለ ሊታወቅ የሚችለው መለያው ከተሰጠ በኋላ ነው።

የሐሳቡ ምንጭ ፍልስፍና ነው። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው፣ ከሞተም በኋላ በ1962 በመጽሐፍ በታተሙት ትምህርቶቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መናገር በራሱ አንድን ነገር ማድረግ መሆኑን አስረዳ። «ቃል እገባለሁ» ያለ ሰው ቃል መግባቱን እየገለጸ ሳይሆን በዚያው ንግግር ቃል እየገባ ነው። አሜሪካዊው ጆን ሰርል በ1969ና በ1975 ባወጣቸው ሥራዎቹ ሐሳቡን አስፋፍቶ የንግግር ተግባራትን በአምስት ክፍል መደበ፤ በተጨማሪም ሰዎች አንዱን ተግባር በሌላው ቅርጽ ተጠቅመው እንደሚፈጽሙ፣ ለምሳሌ በጥያቄ መልክ ትእዛዝ እንደሚሰጡ፣ አብራርቶ አሳየ። ለድርድር ምልልስ ትልቁ ችግርም የሚመነጨው ከዚህ የቅርጽና የተግባር አለመገጣጠም ነው።

ጉዳዩን በቅርብ ለማየት የሚከተለውን ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ ምልልስ እንመልከት።

ገዢ፦ ይሄ ጋቢ ስንት ነው?
ሻጭ፦ 3,500። እህቴ፣ የእጅ ፈትል ነው፤ ያዢና እይው።
ገዢ፦ ውይ! ምን ነካህ ወንድሜ?
ሻጭ፦ አንቺስ ስንት ትያለሽ?
ገዢ፦ 2,000።
ሻጭ፦ 2,000 ፈትሉንም አይገዛው።
ገዢ፦ እሺ፣ መጨረሻውን ንገረኝ።
ሻጭ፦ ላንቺ 3,000።
ገዢ፦ ሌላ ቦታ ልይና እመለሳለሁ።
ሻጭ፦ ነይ እንጂ፤ ትንሽ ጨምሪና ውሰጂው።
ገዢ፦ 2,500። ከዚህ በላይ አንድ ብር አልጨምርም።
ሻጭ፦ እሺ፣ 2,600 አድርጊውና ልጠቅልልልሽ።
ገዢ፦ በል ጠቅልለው።

መለያ ሰጪው ገና ከመነሻው የሚገጥመው ጥያቄ «አንድ ንግግር የሚባለው የቱ ነው?» የሚል ነው። ሻጩ በመጀመሪያ ተራው ሦስት ነገር አድርጓል፤ ዋጋ ጠርቷል፣ ለዋጋው ምክንያት የሚሆን መረጃ ሰጥቷል፣ ገዢዋም ዕቃውን በእጇ እንድትመረምር ጋብዟል። ለተራው በሙሉ አንድ መለያ ብቻ ቢሰጠው ሁለቱ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ምልልሱን ራሳቸውን የቻሉ ተግባራት ባሏቸው ቁርጥራጮች በመከፋፈል ነው፤ በዚህ ደረጃ የተሠራ ስህተትም በኋላ በሚሰጡት መለያዎች ሁሉ ላይ ይንጸባረቃል።

ቀጥሎ «ምን ነካህ ወንድሜ?» የሚለው ይመጣል። ቅርጹ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ «ምንም አልነካኝም» ብሎ ቢመልስ ወይ ሊቀልድ ፈልጓል ወይም ንግግሩ አልገባውም ማለት ነው። ተግባሩ የተጠራውን ዋጋ አለመቀበል ነው። «2,000 ፈትሉንም አይገዛው» የሚለውም እንዲሁ በቅርጹ ስለ ፈትል ዋጋ የተሰጠ መረጃ ይመስላል፤ ሥራው ግን ምክንያት የታከለበት እምቢታ ነው። ስምምነቱን የዘጋው የመጨረሻው ንግግር ደግሞ ትእዛዝ ነው፤ በምልልሱ ውስጥ «ተስማምቻለሁ» ወይም «ተቀብያለሁ» ያለ ሰው የለም። ይልቁንም «እሺ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሮ በአንዱም ቦታ መቀበልን አላመለከተም፤ በመጀመሪያው «ሰምቼሃለሁ፣ ወደ ሌላ ነገር እንለፍ» ማለት ሲሆን በሁለተኛው አጸፋ ዋጋ ለማስተዋወቅ የገባ ነው። ቃልን ብቻ እያየ መለያ የሚሰጥ ፕሮግራም ይህን ምልልስ ቢያነብ ገዢዋ ገና በአጋማሹ በ2,000 ብር አለመሸጡን ተቀብላ መስማማቷን ሊመዘግብ ይችላል።

«ትንሽ ጨምሪና ውሰጂው» የሚለው ንግግር ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ሻጩ ከ3,000 ለመውረድ ፈቃደኛ መሆኑን ገልጿል፤ ግን ቁጥር አልጠራም። ይህን የዋጋ ሐሳብ ብንለው የቀረበው ዋጋ የትኛው እንደ ሆነ ማሳየት አንችልም፤ እምቢታ ብንለው ደግሞ በግልጽ የታየውን መለሳለስ እንሰርዘዋለን። በዚህ ምክንያት ቁጥር የሌለው የዋጋ ሐሳብ ራሱን የቻለ መለያ ሊሰጠው ይገባል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሰው የስታንፎርድ ጥናትም ያደረገው ይህንኑ ነው።

መለያዎቹ ስንት ይሁኑ የሚለው ክርክር ረጅም ታሪክ አለው። ከ1993 እስከ 2000 በጀርመን የተካሄደው ቨርብሞቢል የተባለው የንግግር ትርጉም ፕሮጀክት ሰዎች የስብሰባ ቀጠሮ ለመያዝ የሚያደርጉትን ድርድር መሠረት አድርጎ ሐሳብ ማቅረብን፣ መቀበልን፣ አለመቀበልንና ምክንያት መስጠትን የመሳሰሉ መለያዎችን ተጠቅሟል። በአሜሪካ ደግሞ በ1997 ዳምስል የተባለው ሥርዓት ወጣ። የዚህ ሥርዓት ቁም ነገር የንግግርን ተግባር በሁለት አቅጣጫ ማየቱ ነው፤ አንድ ንግግር ከእሱ በፊት ለተባለው ነገር የሚሰጠው ምላሽ አለ፣ ከእሱ በኋላ በሚመጣው ላይ የሚያሳርፈው ግዴታም አለ። «2,600 አድርጊውና ልጠቅልልልሽ» የሚለው ወደ ኋላ ሲታይ የ2,500ን ሐሳብ አለመቀበል ነው፤ ወደ ፊት ሲታይ አዲስ ሐሳብ ማቅረብና ገዢዋ ከተስማማች ለመሸጥ ቃል መግባት ነው።

ሥርዓቱ ስዊችቦርድ በተባለው የስልክ ውይይቶች ስብስብ ላይ ሲሞከር፣ በ1,155 ውይይቶች ውስጥ የሚገኙ 205,000 ያህል ንግግሮች መለያ ተሰጣቸው። የተለያዩ ምልክቶች እየተጣመሩ የተገኙት ልዩ ልዩ መለያዎች 220 ያህል በመድረሳቸው ተመራማሪዎቹ ወደ 42 አሰባሰቧቸው፤ ብዙዎቹ መለያዎች እጅግ ጥቂት ምሳሌ ብቻ ስለነበራቸው ኮምፒውተር ሊማርባቸው አይችልም ነበር። በ2000 በወጣው ዘገባ መሠረት በጽሑፍ የተገለበጠውን ውይይት ያነበበው ፕሮግራም 71 በመቶውን በትክክል ሲለይ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው የተስማሙት በ84 በመቶው ነበር። ከሁለቱ ቁጥሮች ለእኔ ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው፤ ሰዎች ራሳቸው ከስድስቱ በአንዱ ገደማ የማይስማሙበት ሥራ ነውና።

ከዚህ በኋላ በ2012 የወጣውና አይኤስኦ 24617-2 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት አንድ ንግግር በአንድ ጊዜ በተለያዩ ዘርፎች ተግባር ሊኖረው እንደሚችል መነሻ አድርጎ ዘጠኝ ዘርፎችን ዘረዘረ። ከእነዚህ መካከል የጉዳዩ ዋና ሥራ፣ ስለ መስማትና መረዳት የሚሰጥ ምላሽ፣ የመናገሪያ ተራን ማስተዳደር፣ እንዲሁም እንደ ሰላምታና ምስጋና ያሉ የማኅበራዊ ግዴታ ንግግሮች ይገኛሉ። ለእኛ ዓይነቱ ገበያ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋልክ» ሳይባል ዋጋ መጠየቅ ራሱ የድርድሩን ድባብ በሚለውጥበት አገር፣ የመጨረሻው ዘርፍ ከጌጥ በላይ ነው።

አጠቃላይ ሥርዓቶቹ ግን ለድርድር አይበቁም፤ ሐሳብን ከአጸፋ ሐሳብ፣ መለሳለስን በአቋም ከመጽናት መለየት ያስፈልጋል። በ2017 የፌስቡክ ተመራማሪዎች ሁለት ሰዎች መጻሕፍትን፣ ባርኔጣዎችንና ኳሶችን የሚከፋፈሉባቸው 5,808 የድርድር ምልልሶችን አውጥተው መለያ ሳይጠቀሙ ፕሮግራሙ በቀጥታ ከቃላቱ እንዲማር አደረጉ። ፕሮግራሙ የተሻለ ድርሻ ለማግኘት ብቻ ሲሠለጥን ቋንቋው ከሰው ቋንቋ እየራቀ የመሄድ አደጋ ነበረው። በዓመቱ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ክሬይግስሊስት ከተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ በተወሰዱ እውነተኛ ዕቃዎች ላይ ሰዎች እንደ ገዢና ሻጭ ሆነው እንዲከራከሩ በማድረግ 6,682 ምልልሶችን ሰበሰቡና ሌላ መንገድ መረጡ። እያንዳንዱን ንግግር ሰላምታ፣ ጥያቄ፣ መረጃ፣ መነሻ ዋጋ፣ አጸፋ ዋጋ፣ ቁጥር የሌለው ዋጋ፣ በአቋም መጽናት፣ መስማማት፣ አለመስማማት ወደሚሉ ጥቂት መለያዎች ከቀየሩ በኋላ፣ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ምን ማድረግ እንዳለበት በመለያ ደረጃ እንዲወስን፣ ከዚያም ውሳኔውን በቃላት የሚገልጸው ሌላ ክፍል እንዲሆን አደረጉ። ሥልትና አነጋገር በዚህ ሁኔታ ሲለያዩ ሥልቱን ማሻሻል ቋንቋውን አያበላሸውም። መለያ መስጠት ከንድፈ ሐሳብ አልፎ ምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሆኖም የስታንፎርዱ መለያዎች «ላንቺ 3,000» ከሚለው ንግግር የሚይዙት 3,000ውን ብቻ ነው። «ላንቺ» የሚለው የት ይግባ? ሻጩ ቅናሹ ለማንም የማይሰጥ፣ ለዚህች ደንበኛ ብቻ የተደረገ መሆኑን እየነገራት ነው፤ «ለመክፈቻ ይሁንልኝ» የሚለው የማለዳ ልመናም፣ «እኔ አላተረፍኩበትም» የሚለው መሐላም የዚሁ ዓይነት ናቸው። እነዚህ የዋጋውን ቁጥር ሳይነኩ ዋጋው የሚታይበትን ሁኔታ የሚለውጡ የማሳመኛ ሥልቶች በመሆናቸው በሌላ ንብርብር ላይ ሊመዘገቡ ይገባል። በ2021 ካሲኖ በሚል ስም የወጣው የምልልስ ስብስብ ይህን ሞክሯል። በዚያ ሁለት ሰዎች ለጉዞ የሚሆናቸውን ምግብ፣ ውኃና ማገዶ ይከፋፈላሉ፤ ከ1,030ዎቹ ምልልሶች 396ቱ የራስን ችግር ማስረዳትን፣ የሌላውን ፍላጎት መጠየቅን፣ ፍትሐዊነትን መጥቀስን፣ የባላጋራን ፍላጎት ማቃለልንና ወግ መጨዋወትን የመሳሰሉ የሥልት መለያዎች ተሰጥቷቸዋል፤ አንድ ንግግር ከአንድ በላይ መለያ እንዲይዝም ተፈቅዷል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። መለያው የሚመዘግበው የተናጋሪውን ሐሳብ ነው ወይስ የሰሚውን መረዳት? «ሌላ ቦታ ልይና እመለሳለሁ» ያለችው ገዢ በእውነት ልትሄድ ይሆናል፣ ወይም ዋጋ ለማስወረድ ብቻ ብላው ይሆናል። «ከዚህ በላይ አንድ ብር አልጨምርም» ብላ ወዲያው 100 ብር ጨምራለች። ምልልሱን እስከ መጨረሻው ያነበበ መለያ ሰጪ ይህን ሲያይ ንግግሯን «ማስመሰል» ብሎ ለመሰየም ይፈተናል። እኔ ይህን አልደግፍም። ንግግሩ በተነገረበት ቅጽበት በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው በአቋም የመጽናት መግለጫ ነው፤ ሻጩም የመለሰው ለዚያ መግለጫ ነው። በኋላ መለወጡ ራሱን የቻለ ክስተት ስለሆነ በራሱ ቦታ፣ በመለሳለስ መለያ ይመዘገባል። በልብ ያለውን ለመሰየም የሚሞክር መመሪያ መለያ ሰጪዎችን ገማቾች ያደርጋቸዋል። ከዚህም በላይ፣ ድርድር እየተካሄደ የሚሠራ ፕሮግራም የሚቀጥለውን ንግግር አስቀድሞ ማየት አይችልም፤ መጨረሻውን አይቶ በተሰጠ መለያ ከሠለጠነ በሥራው ሰዓት የማያገኘውን ዕውቀት እንዲጠቀም ተደርጓል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ቀጣዩ ተራ አይታይም ማለት አይደለም። ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሃርቪ ሳክስ በ1973 እንዳሳዩት ንግግሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ ጥያቄ መልስን፣ ሐሳብ ማቅረብ መቀበልን ወይም እምቢታን ይጠብቃል። ስለዚህ ለመለያ ሰጪ የሚጠቅመው ፈተና «ከዚህ ንግግር በኋላ ሌላው ወገን ምን እንዲመልስ ይጠበቃል? ዝም ቢልስ እንደ ምን ይቆጠራል?» የሚል ነው። ለ2,600 ዝምታ ሐሳቡ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል፤ ለ«የእጅ ፈትል ነው» ዝምታ ግን ምንም ጉድለት አይፈጥርም። በዚህ ፈተና የዋጋ ሐሳብና ማስረጃ ያለ ብዙ ክርክር ይለያያሉ።

መመሪያው ምን ያህል እንደ ሠራ የሚታወቀው ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተመሳሳዩን ምልልስ ሲለዩ ነው። በመቶኛ የሚገለጽ ስምምነት ያታልላል። ሁለት ሰዎች 100 ንግግሮችን «ማስረዳት» ወይም «እምቢታ» ብለው ሲለዩ በ80ዎቹ ተስማሙ እንበል፤ እያንዳንዳቸውም 70ውን ማስረዳት፣ 30ውን እምቢታ ብለዋል። በዚሁ ምጣኔ ሳያነቡ በዘፈቀደ ቢለዩ እንኳ 49 ጊዜ በማስረዳት፣ 9 ጊዜ በእምቢታ፣ በጠቅላላው በ58ቱ ይገጣጠሙ ነበር። ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ ሊገኝ ከሚችለው 42 ያገኙት 22 ብቻ ነው፤ ውጤቱ 0.52 ይሆናል። ይህ ጃኮብ ኮኸን በ1960 ያቀረበው ካፓ የተባለው መለኪያ ነው። አንዳንዶች ከ0.8 በታች ያለውን በጥርጣሬ ያዩታል፤ በ1977 የቀረበ ሌላ ደረጃ ደግሞ ከ0.61 ጀምሮ ያለውን ደህና ስምምነት ይለዋል። ከቁጥሩ በላይ ግን ያልተስማሙባቸውን 20 ንግግሮች አንድ በአንድ አውጥቶ ማየት ይጠቅማል፤ አብዛኞቹ «ፈትሉንም አይገዛው» ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የመለያ ሰጪዎቹ ግድየለሽነት ሳይሆን መመሪያው ስለ ምክንያታዊ እምቢታ ምንም አለማለቱ ነው።

በአማርኛ ይህን ለሚሠራ ሰው የሚጠብቁት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። «አይቀንስም?» በአሉታ የቀረበ ቢሆንም የቅናሽ ጥያቄ ነው፤ «አይ፣ ይሁን ውሰጂው» ደግሞ በእምቢታ ቃል ተጀምሮ በመቀበል ያልቃል። «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ስቦ ድምፅ የሚያሰማ ሰው፣ ምልልሱ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ መልሱ ሊጠፋ ይችላል፤ ገልባጩ ካልመዘገበው ሐሳቡ መልስ ያላገኘ ይመስላል። አንቱታው መቼ እንደ ተለወጠም መመዝገብ ያለበት ይመስለኛል፤ «ይቀንሱልኝ» ሲል የነበረ ሰው ወደ «ቀንስ እንጂ» ሲሻገር በድርድሩ ውስጥ አንድ ነገር ተፈጥሯል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ተደራዳሪዎቹ ከሁለት ሲበልጡ ነው። ለጋብቻ ጥያቄ የተላኩ ሽማግሌዎች «መክረን እንመልስላችኋለን» ሲባሉ የተሰጣቸው መቀበልም እምቢታም አይደለም፤ ቀጠሮ ነው፤ ለዚህ ማዘግየት የሚል ራሱን የቻለ መለያ ከሌለ መለያ ሰጪው ከሁለቱ አንዱን ያለ አግባብ ይመርጣል። በቤት ወይም በመኪና ሽያጭ ደላላው «ባለቤቱ ከዚህ አይወርድም ብሏል» ሲል ደግሞ በራሱ አፍ የሌላውን አቋም እያቀረበ ነው። ለገዢው ይህ የሻጭ በአቋም መጽናት ነው፤ ለደላላው ግን የመልእክት ማድረስ ነው፤ ባለቤቱ በኋላ ዝቅ ባለ ዋጋ ቢሸጥ ቃሉን ያጠፈው ደላላው አይደለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ምልልስ ከመለያው ጎን ማን ለማን፣ በማን ስም እንደ ተናገረ የሚገልጽ ተጨማሪ መስክ መኖር አለበት፤ ይህ መስክ በሌለበት ስብስብ ላይ የሠለጠነ ፕሮግራም የደላላውን ዋጋ ከባለቤቱ ዋጋ መለየት አይችልም።